ፕሮግራሙ የሚሠራው የት ነው? በቲን ክላየንት ላይ የራስን ዲስክና ፕሮግራም ስለ መጠቀም

በሐዴራ፣ ቤት ኤሊዔዘር ሰፈር፣ በአንድ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ቅጽ ለመሙላት የሚመጡ ሰዎችን ሳግዝ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ። በእጃቸው ዲስክ ኦን ኪ ይዘዋል። የልጅ ልጃቸው ተኡዳት ዜሁታቸውን፣ የሐኪም ወረቀታቸውንና የባንክ ማረጋገጫቸውን ስካን አድርጋ እዚያ ውስጥ አስገብታላቸዋለች። የቀረው ሦስቱን ወረቀቶች ከኢንተርኔቱ ቅጽ ጋር አያይዞ መላክ ብቻ ነበር። የመጨረሻው ቀን ደግሞ ያው ዕለት ነው።

ዲስኩን ሰካነው፤ ምንም አልመጣም። ነቅለን በሌላ ቀዳዳ ሰካነው፤ አሁንም ምንም የለም። እሳቸው እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ ሰብስበው «እኔ አበላሽቼው ይሆናል ልጄ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ነበር» አሉኝ።

ዲስኩ አልተበላሸም ነበር። ማታ የልጅ ልጃቸው በራሷ ላፕቶፕ ላይ ስትሰካው ወዲያው ተከፈተ፤ ቅጹም ቀኑ ሊያልፍ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ተላከ። ያ «እኔ አበላሽቼው ይሆናል» የሚለው ቃል ግን ከጆሮዬ አልወጣም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጥኩት የሴሚናር ጽሑፍ በማግስቱ ሲጠፋ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ስላልነበረ የምጠይቀው አላገኘሁም፤ ጥፋቱን በራሴ ላይ ጭኜ ጽሑፉን እንደገና ጻፍኩት።

በሁለቱም ጊዜ ያላወቅነው አንድ ነገር ነው። ፊት ለፊታችን ያለው ሳጥን ኮምፒዩተር ቢመስልም ሥራው የሚሠራው ሌላ ቦታ ነበር። ይህች ጽሑፍ ያንን አንድ ነገር ለማስረዳት የተጻፈች ናት። ለራሳችሁ ጥናት ትጠቅማችኋለች፤ ወላጆቻችሁን ወይም ጎረቤቶቻችሁን ስታግዙ ደግሞ የበለጠ ትጠቅማችኋለች። በውስጧ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጓዳውና ዳሱ

ቲን ክላየንት «ቀጭን ተገልጋይ» እንደ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የራሱ ሃርድ ዲስክ የሌለው ትንሽ ሳጥን ሲሆን፣ አንዳንዴ ከስክሪኑ ጀርባ ተለጥፎ ጭራሽ አይታይም። እኛ የምንነካውን ቁልፍና የማውሱን እንቅስቃሴ በኔትወርክ ገመድ ወደ አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ይልካል። ይህ ትልቁ ኮምፒዩተር ሰርቨር ይባላል፤ በዕብራይስጥ ሻሬት የምንለው ነው። ሰርቨሩ ሥራውን ሠርቶ የስክሪኑን ምስል መልሶ ይልካል። ወርድ፣ የኢንተርኔት መክፈቻው፣ የምናስቀምጠው ፋይል፣ ሁሉም ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው።

ድግስ ላይ ያለውን አስቡ። ወጡ የሚሠራው ጓዳ ነው፤ እንግዳው የተቀመጠው ዳስ ነው፤ በመካከል አሳላፊ ይመላለሳል። ዳሱ ውስጥ ምጣድም ምድጃም የለም። አንድ እንግዳ ከቤቱ ያመጣው ቅመም ወጡ ውስጥ እንዲገባለት ቢፈልግ፣ አሳላፊው ተቀብሎ ጓዳ ካላደረሰለት በቀር ወጥ ቤቷ ቅመሙ መምጣቱንም አታውቅም። የእኚያ እናት ዲስክ እንዲሁ ሆነ። የተሰካው ዳስ ውስጥ ነው፤ ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራም ያለው ግን ጓዳ ነው። በመካከል የሚያደርስ አሳላፊ አልነበረም።

ታዲያ ተቋማት ይህን ለምን ይመርጣሉ? ምክንያታቸው መጥፎ አይደለም። ሃያ ኮምፒዩተር ላይ ሃያ ጊዜ ፕሮግራም ከመጫን አንድ ሰርቨር ላይ አንድ ጊዜ መጫን ይቀላል። ያረጁና ጉልበታቸው የደከመ ማሽኖች እንኳ ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። ሳጥኑ ቢሰረቅ በውስጡ የሰው ፋይል የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ተጠቃሚው ይህን ሳይነገረው ሲቀር ነው።

ዲስኩ እንዴት ወደ ጓዳ ይደርሳል?

ዲስክ ኦን ኪ የሚለው ስም እዚሁ አገር የተወለደ ነው። ኤም ሲስተምስ የተባለው የክፋር ሳባ ኩባንያ በ2000 መጨረሻ ለገበያ ያቀረበው ዕቃ የንግድ ስም ነበር፤ የያኔው መያዝ የሚችለው 8 ሜጋባይት ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ያሉ ዘመዶቻችን ፍላሽ ይሉታል። ይህ ዕቃ የተሠራው በቀጥታ ለሚሰካበት ኮምፒዩተር ነው፤ ፕሮግራሙ ሌላ ክፍል ሲሆን በመካከል ድልድይ ያስፈልገዋል።

ድልድዩ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ጥሩው ምሳሌ ኤልቲኤስፒ ነው። ሙሉ ስሙ ሊኑክስ ተርሚናል ሰርቨር ፕሮጀክት ሲሆን፣ ጂም ማክኩዊላን በ1999 የጀመረው ነፃ ፕሮግራም ነው። በ2005 የወጣው ኤዱቡንቱ የተባለው ለትምህርት ቤት የተዘጋጀ ሊኑክስ ይህንኑ አብሮ ይዞ ስለመጣ በብዙ ትምህርት ቤቶች ታወቀ። በዚህ ሥርዓት ሳጥኑ ሲበራ መጀመሪያ የኔትወርክ ካርዱ «አድራሻ ስጡኝ» ብሎ ይጠይቃል። ሰርቨሩ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ማስነሻ የሚሆን ትንሽ ሥርዓት ይልክለታል፤ ቀጥሎ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ገጽ ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ የምናየው ሁሉ የሰርቨሩ ምስል ነው።

ዲስክ ሲሰካ ኤልቲኤስፒኤፍኤስ የተባለ አሳላፊ ሥራ ይጀምራል። አንዱ ክፍሉ ሳጥኑ ላይ ሆኖ ዲስኩን ይከፍታል፤ ሌላው ክፍሉ ሰርቨሩ ላይ ሆኖ ያንኑ ዲስክ እንደ አንድ ፎልደር ያሳያል። በሁለቱ መካከል ፋይሉ በገመድ ይመላለሳል። ይህ እንዲሆን የክፍሉ ኃላፊ አሳላፊውን መጫንና ተጠቃሚዎቹ እንዲገለገሉበት መፍቀድ አለበት።

ስለዚህ ዲስክ ሰክታችሁ ምንም ካልመጣ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። አንደኛ፣ አሳላፊው አልተጫነም። ሁለተኛ፣ ተጭኗል፤ ነገር ግን ቫይረስ እንዳይገባ ወይም ፋይል እንዳይወጣ ብለው ሆን ብለው ዘግተውታል። ሦስተኛ፣ ዲስኩ በእርግጥ ተበላሽቷል። ከሦስቱ ዲስኩን ይዞ የመጣውን ሰው የሚመለከተው ሦስተኛው ብቻ ነው። እኛ ግን ሁልጊዜ የምንጀምረው ከእሱ ነው።

አሳላፊው ቢኖርም ፍጥነቱን ማወቅ ይገባል። በኔትወርክ ገመድ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚያልፍ ከሆነ፣ የ500 ሜጋባይት ቪዲዮ ማለት 4,000 ሜጋቢት ስለሆነ ቢያንስ 40 ሰከንድ ይፈልጋል። አሥራ አምስት ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ቢገለብጡ በሰከንድ 1,500 ሜጋቢት ይጠይቃሉ፤ የሰርቨሩ ገመድ 1,000 ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ሁሉም ይጠብቃል። ስለዚህ ፋይሉ ገና በመንገድ ላይ እያለ ዲስኩን አትንቀሉ። ፋይሉን ዝጉ፤ ከዲስኩ ላይ መልሳችሁ ክፈቱና መኖሩን እዩ፤ ዲስኩን ለመንቀል የተዘጋጀውን ትእዛዝ ስጡና ከዚያ ንቀሉት።

ምጣዱ ወደ ዳሱ ሲመጣ

ሁሉን ነገር ጓዳ መሥራት የማይመችበት ጊዜ አለ። ቪዲዮን እንውሰድ። 1,024 በ768 ነጥብ ያለው ስክሪን በጠቅላላው 786,432 ነጥቦች አሉት። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀለሙ 24 ቢት ከያዘ አንዱ ምስል ወደ 18.9 ሚሊዮን ቢት ይሆናል። ቪዲዮ በሰከንድ 25 ምስል ካሳየ በሰከንድ ወደ 472 ሚሊዮን ቢት መላክ አለበት። ገመዱ የሚያሳልፈው 100 ሚሊዮን ነው። ምስሉ ሳይጨመቅ ከተላከ በዚህ ገመድ ሊያልፍ አይችልም፤ ቢጨመቅም ለአሥራ አምስት ተማሪ የሚጨምቀው ያው አንዱ ሰርቨር ነው። ድምፁ የሚቆራረጠው፣ ምስሉም የሚንቀጠቀጠው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ያንን አንድ ፕሮግራም ብቻ እዚያው በተቀመጥንበት ሳጥን ጉልበት ማስኬድ ነው። የተጨመቀው ቪዲዮ በገመዱ በቀላሉ ያልፋል፤ የሚፈታውም እኛ ጋ ነው። በኤልቲኤስፒ አምስተኛው ትውልድ ይህ «ሎካል አፕስ» ይባል ነበር፤ የአካባቢ ፕሮግራም እንደ ማለት ነው። የክፍሉ ኃላፊ ለምሳሌ ፋየርፎክስን ሳጥኑ በሚነሳበት ሥርዓት ውስጥ ይጭነዋል። ተማሪው ሲከፍተው በሳጥኑ አንጎልና ሜሞሪ ይሠራል፤ የተማሪው ፎልደር ግን በኔትወርክ ከሰርቨሩ ይመጣለታል። በምሳሌያችን፣ ምጣዱ ዳስ ገባ፤ ሊጡ ግን አሁንም ከጓዳ ነው። በዚህ ጊዜ ሳጥኑ ራሱ በቂ ሜሞሪ ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ከበፊቱ ይብሳል።

ኤልቲኤስፒ በ2019 ከመሠረቱ እንደገና ሲጻፍ በዚሁ አቅጣጫ ሄደ። በአዲሱ ሥርዓት ሰርቨሩ ማሽኑን ያስነሳል፣ ፎልደሩን ይሰጣል፤ ፕሮግራሞቹ ግን የሚሠሩት በተቀመጥንበት ማሽን ነው። ሁለቱም ዓይነት ክፍሎች ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ «ሳጥኑ ምን ዓይነት ነው?» ከማለት «ይህ ፕሮግራም የሚሠራው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከቤት ሆኖ ኤስፒኤስኤስ መክፈት

ይህ ነገር የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ብቻ የሚያጋጥም አይደለም። የስታቲስቲክስ ኮርስ ስንወስድ ኤስፒኤስኤስን ቤታችን ሆነን በሪሞት ዴስክቶፕ የምንከፍት አለን። በዚያ ሰዓት የራሳችን ላፕቶፕ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ቲን ክላየንት ሆኗል። ኤስፒኤስኤስ ያለው ሩቅ ነው፤ የመረጃው ፋይል ላፕቶፓችን ላይ ነው። «ፋይሉ የለም» ሲለን የጠፋ ይመስለናል።

በዊንዶውስ አሳላፊውን የምንጠራው ከመግባታችን በፊት ነው። የሪሞት ዴስክቶፕን መስኮት ስትከፍቱ ተጨማሪ አማራጮችን የሚያሳየውን ቁልፍ ተጫኑ። «ሎካል ሪሶርስስ» የሚለውን፣ በዕብራይስጥ ከሆነ «ማሽአቢም መኮሚዪም» የሚለውን ምረጡ። እዚያ ውስጥ ዲስኮች የተዘረዘሩበት ቦታ አለ። ሙሉውን የላፕቶፓችሁን ዲስክ ከመክፈት ይልቅ የምትፈልጉትን ዲስክ ኦን ኪ ብቻ ምልክት አድርጉበት። ከገባችሁ በኋላ ዲስካችሁ በፋይሎች ዝርዝር ውስጥ ከላፕቶፓችሁ ስም ጋር ይታያል። ካልታየ የሰርቨሩ ኃላፊዎች ዘግተውታል ማለት ሊሆን ስለሚችል ጠይቋቸው።

ዙምን ግን በዚያ ሩቅ መስኮት ውስጥ አትክፈቱት። ካሜራውና ማይክሮፎኑ እናንተ ጋ ናቸው፤ ዙም እዚያው ላፕቶፑ ላይ ይሥራ። ኤስፒኤስኤስን ለመምህሩ ማሳየት ካስፈለገ የሩቁን መስኮት በዙም ማጋራት ይቻላል።

ፊደላችንስ?

በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ ስንከፍት ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ያየን ብዙዎች ነን። እዚህም ጥያቄው ያው ነው። የፊደሉ ቅርጽ መኖር ያለበት ፕሮግራሙ በሚሠራበት ቦታ ነው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል በ1999 በ3.0 እትሙ ካካተተ በኋላ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ከዚያ በፊት በየፕሮግራሙ የተጻፈው ጽሑፍ ያ ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ በዩኒኮድ የተጻፈ ደብዳቤ ባዶ ሳጥን ካሳየ ፊደሎቹ ፋይሉ ውስጥ በደህና አሉ፤ የጎደለው ሰርቨሩ ላይ ቅርጻቸው ነው። ዊንዶውስ ከ2007ቱ ቪስታ ጀምሮ የግዕዝ ፊደል ይዞ ስለመጣ ቤት ውስጥ ችግሩን ላናየው እንችላለን።

ኪቦርዱም እንዲሁ ነው። ኪማን የተባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ላፕቶፓችን ላይ ጭነን በሩቁ መስኮት ውስጥ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ አማርኛው አይወጣም። በመንገዱ ላይ የሚሄደው የተነካው ቁልፍ እንጂ የተሠራው ፊደል ስላልሆነ ነው። ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ፣ ኃላፊው የአማርኛ ኪቦርድ ሰርቨሩ ላይ እንዲጨምር መጠየቅ ነው። ሌላው፣ ላፕቶፑ ላይ ጽፎ፣ ገልብጦ፣ ሩቁ መስኮት ውስጥ መለጠፍ ነው፤ መገልበጥና መለጠፍ ካልተዘጋ ፊደሉን እንዳለ ያሻግራል።

ጓዳ ውስጥ የሚቀረው

እስካሁን ስለማይሻገረው ነገር ተነጋገርን። ተሻግሮ ስለሚቀረውም ማሰብ ያሻል። ፕሮግራሙ ሰርቨሩ ላይ ሲሠራ «ዳውንሎድስ» የሚባለውም ፎልደር የሰርቨሩ ነው። የአንድ ሰው ተኡዳት ዜሁት ከኢሜይል ወርዶ ቅጹ ላይ ከተያያዘ በኋላ ግልባጩ እዚያው ይቀራል። ዲስኩን ነቅለን ብንሄድም አብሮን አይሄድም። ክፍሉ ለሁሉም አንድ የመግቢያ ስም የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ፎልደሩን ከፍቶ ያየዋል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ፤ እዚህ ግን የሚቆረጠው የእኛ ሳይሆን አምነው ወረቀታቸውን የሰጡን ሰዎች ሞፈር ነው።

በእስራኤል የግላዊነት ጥበቃ ሕግ ከ1981 ጀምሮ አለ። በ1996 የወጣው የማኅበራዊ ሠራተኞች ሕግ ደግሞ አንድ ማኅበራዊ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ስለ ሰው ያወቀውን በምስጢር እንዲጠብቅ ያዝዛል። እኛ ሶሻል ወርክ የምንማር ሰዎች ይህን ከመጽሐፍ እናውቀዋለን። ምስጢር መጠበቅ ግን አፍን መዝጋት ብቻ አይደለም፤ የሰውየው የሐኪም ወረቀት የት ፎልደር ውስጥ እንደቀረ ማወቅም ነው።

ስትጨርሱ የወረደውን ፋይል ሰርዙ፤ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አድርጉ። ከኢሜይሉ ውጡ። ከዚያ ከሰርቨሩ «ውጣ» በሚለው ትእዛዝ ውጡ። ስክሪኑን ማጥፋት መውጣት አይደለም። በሪሞት ዴስክቶፕም መስኮቱን በኤክስ ምልክቱ መዝጋት ግንኙነቱን ብቻ ያቋርጣል፤ የከፈታችሁት ሁሉ ጓዳው ውስጥ እንደተከፈተ ይቆያል።

ከመጀመራችሁ በፊት አምስት ጥያቄ

ሰው አጠገባችሁ ሳይቀመጥና የመጨረሻው ቀን ሳይደርስ እነዚህን ሞክሯቸው። አምስት ደቂቃ አይፈጁም።

1. ፕሮግራሙ የሚሠራው የት ነው? የክፍሉን ኃላፊ ጠይቁ። ኃላፊ ከሌለ ትንሽ ፋይል አስቀምጡና በሌላ ወንበር በዚያው ስም ግቡ። ፋይሉ እዚያም ካለ የተቀመጠው ሰርቨሩ ላይ ነው።

2. ያስቀመጥኩት ነገር ነገ ይኖራል? አንዳንድ ክፍሎች ተጠቃሚው ሲወጣ ዴስክቶፑን ያጸዳሉ። የእኔም ሴሚናር የጠፋው እንዲህ ነበር። ስለዚህ ዋናውን ጽሑፍ ሁልጊዜ በሁለት ቦታ አስቀምጡ።

3. ዲስክ ይቀበላል? ባዶ ዲስክ ሰክታችሁ እዩ። የማይቀበል ከሆነ ሰዎች ከቤታቸው ሳይነሱ ንገሯቸው።

4. ሌላ መንገድ አለ? ኢሜይል ወይም የኢንተርኔት ማስቀመጫ ከጓዳው በቀጥታ ይደረሳል፤ አሳላፊ አያስፈልገውም። የእኚያ እናት የልጅ ልጅ ሦስቱን ወረቀቶች በኢሜይል ብትልክልን ኖሮ በዚያችው ሰዓት ተያይዘው ይሄዱ ነበር። እኔ ግን ያን ዕለት ይህን አላሰብኩትም።

5. ምን ትቼ እየሄድኩ ነው? ከመነሳታችሁ በፊት «ዳውንሎድስ»ን ክፈቱ።

እኚያ እናት ከሳምንታት በኋላ በሌላ ጉዳይ ተመልሰው መጡ። ዲስካቸውን ከቦርሳቸው ሳያወጡ «ዛሬስ ይከፍተው ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። «ይህ ክፍል ዲስክ አይቀበልም እማማ፤ የእርስዎ ዲስክ ደህና ነው» አልኳቸው። ከዚያ ስልካቸውን ተቀብዬ ለልጅ ልጃቸው ደወልኩ፤ ወረቀቱም ቡናቸውን ጠጥተው ሳይጨርሱ በኢሜይል ደረሰ።